አብርሃም ባዶ እጁን አልወጣም

የንባብ ክፍል፦ ዘፍ. 12፥1-13፤ መሳ. 17፥7-13፤ ሐዋ. 18፥1-4

ዛሬ የምንጽፈው ለማጽናናት ብቻ ሳይሆን ለመገሠጽም ነው። ተግሣጹ የሚጀምረው ግን ከእኛው ከመጋቢዎች ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እሑድ፣ አምልኮው አልቆ ሕዝቡ ሰላምታ ተለዋውጦ ከተበተነ በኋላ፣ አንድ ወጣት በኋለኛው ረድፍ ብቻውን ተቀምጦ ቀረ። ከወንበሩ ሥር የተወጠረ ሻንጣ ነበር። ቀረብ ብለን ሰላም አልነው። ቅዳሜ ማታ ከደቡብ አካባቢ መግባቱን፣ መናኸሪያ አጠገብ አልጋ ይዞ ማደሩን፣ በአዲስ አበባ አንድም የሚያውቀው ሰው እንደሌለው ነገረን። ዲግሪ አለው፤ ሥራ ግን የለውም። ለዚያች ማታ የሚያድርበትም አልነበረውም። "ታዲያ እንዴት ብለህ መጣህ?" ስንለው ፊቱ በራ። በከተማው በተደረገ ኮንፈረንስ አንድ አገልጋይ ከብዙ ሕዝብ መካከል ጠርቶት፣ እጁን ጭኖበት፣ እንደ አብርሃም እንዲወጣ፣ በረከቱ በትልቁ ከተማ እንደሚጠብቀው ነግሮታል። እናቱ አንዲት ጊደር ሸጠው መሳፈሪያና ጥቂት ቀን የሚያቆይ ገንዘብ ሰጥተውታል።

እኛስ ምን አደረግን? እጃችንን ጭነን ጸለይንለት። ለታክሲ የሚሆን ገንዘብ አስያዝነው። "አይዞህ፣ ጌታ መንገድ ይከፍታል" አልነው። ከዚያ ምሳ ተጠርተን ስለ ነበር ሄድን።

ይህ ጽሑፍ በዚያች በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ የሚቀርብ ክስ ነው። ጌታ መንገድ እንደሚከፍት እናምናለን። ነገር ግን እኛ በሩን ዘግተን ቁልፉን በኪሳችን ይዘን "ጌታ ይከፍታል" ስንል እምነት አይደለም፤ ሽሽት ነው። ሥራም ቤትም ሳያዘጋጅ ወደማያውቀው ከተማ እንዲሄድ ወጣቱን በእግዚአብሔር ስም የሚገፋው ስብከትም የእምነት ስብከት አይደለም። የአብርሃምን ስም ይዞ አብርሃም ያላደረገውን ያስተምራል።

መጽሐፉ የሚለው ምንድን ነው?

እስቲ ዘፍጥረት 12ን ከመድረክ ጩኸት ርቀን እናንብበው። አብርሃም ሲጠራ 75 ዓመቱ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ትናንት የወጣ ልጅ አልነበረም። ሲወጣም ሚስቱን ሦራን፣ የወንድሙን ልጅ ሎጥን፣ በካራን ያፈሩትን ሀብት ሁሉና በዚያ ያገኟቸውን ሰዎች ይዞ እንደወጣ ቁጥር 5 በግልጽ ይነግረናል። ድንኳን ነበረው። ቤቱ አብሮት ይጓዝ ነበር፤ ሥራውም መንጋው ስለ ሆነ አብሮት ይሄድ ነበር።

"ታዲያ ዕብራውያን 11 ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ወጣ አይልም ወይ?" የሚል ይኖራል። አዎን፣ ይላል፤ አሜን ብለን እንቀበላለን። ነገር ግን መድረሻን አለማወቅና የዛሬን እራት አለማወቅ አንድ አይደሉም። አብርሃም እግዚአብሔር የሚያሳየውን ምድር አላወቀም እንጂ፣ ማታ የት እንደሚያድር፣ ማን አብሮት እንደሚበላ ያውቅ ነበር። የጠራውም ራሱ እግዚአብሔር ነው። ማይክሮፎን የያዘ ሦስተኛ ሰው ነግሮት፣ ያም ሰው ነገ ወደ ሌላ ከተማ ኮንፈረንስ አልፎ አልሄደም። የተስፋውም ቃል ስለ ደመወዝና ስለ መኪና አልነበረም፤ የምድር ወገኖች ሁሉ በእርሱ ስለሚባረኩበት ነበር።

አሁንም ከቁጥር 10 በኋላ ያለውን አንዝለለው። ራብ ሲመጣ አብርሃም ወደ ግብፅ ወረደ፤ እዚያም ሕይወቱ ስላሰጋው ሚስቱን እህቴ ናት አሰኛት። የእምነት አባት የተባለው ሰው፣ ሀብትና ቤተሰብ ይዞም ቢሆን፣ በእንግድነትና በፍርሃት ተፈትኖ ተንሸራተተ። እንግዲህ ምንም ያልያዘ፣ ማንም የሌለው የ22 ዓመት ልጅ በዚህ ፈተና ውስጥ ሲገባ ምን ሊሆን ነው? "እንደ አብርሃም ውጣ" የሚል ሰባኪ የግብፁንም ታሪክ አብሮ መስበክ ነበረበት።

ሌሎቹንም እንይ። ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ያደረው በመንገድ ላይ ነው፤ የሚሄድበት ቤት ግን ነበረው፣ የእናቱ ወንድም የላባ ቤት። ሩት ወደ ቤተ ልሔም ስትገባ ሥራ አልነበራትም፤ ነገር ግን ከኑኃሚን ጋር ገባች፣ የገባችውም የገብስ አጨዳ ሲጀመር ነው፤ በዚያች አገር ደግሞ ቃርሚያው ለድሀና ለመጻተኛ እንዲተው ሕግ ነበር (ዘሌ. 19፥9-10)። ነህምያ ስለ ኢየሩሳሌም ከሰማበት ወር አንሥቶ ንጉሡን እስከጠየቀበት ወር ድረስ 4 ወር ያህል ጸለየ፤ ጊዜው ሲደርስ ግን የጸሎቱን መልስ በእጁ ጽሑፍ አድርጎ ጠየቀ። ለገዥዎቹ የይለፍ ደብዳቤ፣ ለአሳፍ ደግሞ የእንጨት ማዘዣ ለመነ፤ ከእንጨቱም አንዱ ለሚቀመጥበት ቤት ነበር (ነህ. 2፥7-8)። ከተማይቱም ከደረሰ በኋላ 3 ቀን ቆይቶ ቅጥሩን በሌሊት መረመረ እንጂ በመጀመሪያው ቀን አዋጅ አላስነገረም።

ጳውሎስስ? ወደ ቆሮንቶስ ሲገባ ከእርሱ ጋር አንድ ሙያ ያላቸውን አቂላንና ጵርስቅላን አገኘ፤ በቤታቸው ተቀመጠ፣ አብሯቸውም ድንኳን ሰፋ። ያን የሚያህል ሐዋርያ፣ ራእይ ያየ፣ ሦስተኛው ሰማይ ድረስ የተነጠቀ ሰው፣ ወደ አዲስ ከተማ ሲገባ መርፌውን ይዞ ገባ። በዚያች ከተማ 1 ዓመት ከ6 ወር የቆየው አገልግሎቱ የጀመረው በአንድ ቤተሰብ ቤትና በአንድ የእጅ ሙያ ነው።

"ጌታ ያለ ኮሮጆ ልኳል" ለሚሉን

ይህን ጥያቄ ሳንመልስ ብናልፍ ታማኞች አንሆንም። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ያለ ከረጢትና ያለ ኮሮጆ ልኳቸዋል (ሉቃ. 10)። ነገር ግን ሁለት ሁለት አድርጎ ላካቸው፤ ቤት የሚቀበላቸው እንዳለም፣ በዚያው ቤት ተቀምጠው የሚሰጧቸውን እንዲበሉ አዘዛቸው። ያለ ኮሮጆ መሄድ የሚሠራው በሩን የሚከፍት ቤት ካለ ነው። በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 22፥35-36 ደግሞ ጊዜው ሲለወጥ ጌታ ራሱ ኮረጆ ያለው ይውሰድ ይላል። አንዱን ምዕራፍ አንብቦ ሌላውን የሚዘጋ ሰው የጌታን ቃል አጋማሽ ነው የሚሰብከው።

የሰው ልጅ ራሱን የሚያስጠጋበት ስፍራ እንደሌለው ጌታ የተናገረውንም ቃል ይጠቅሱልናል (ሉቃ. 9፥58)። ለማን እንደተናገረው ግን አስተውሉ። ሊከተለው ለፈለገ ሰው፣ ገና ሳይነሣ ነው የነገረው። ጌታችን ዋጋውን አልደበቀም። ግንብ የሚሠራ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲያሰላ ያስተማረም እርሱ ነው (ሉቃ. 14፥28)። የዛሬ መድረኮቻችን ግን በረከቱን በድምፅ ማጉያ ያውጃሉ፤ የቤት ኪራዩን ለልጁ እናት ይተዉላቸዋል።

ሌዋዊው ልጅ

መጽሐፈ መሳፍንት ውስጥ ብዙ የማይሰበክ አንድ ታሪክ አለ። አንድ ወጣት ሌዋዊ ከቤተ ልሔም ተነሥቶ የሚቀመጥበትን ስፍራ ሊፈልግ፣ ባገኘበት ሊሰነብት ወጣ። በኤፍሬም ተራራማ አገር ሚካ ወደሚባል ሰው ቤት ደረሰ። ሚካ የጣዖት ቤት ነበረው፤ የሚጎድለው ካህን ብቻ ነበር። ለልጁ በዓመት 10 ብር፣ ልብስና ምግብ ሊሰጠው ተስማማ። ልጁም እሺ አለ። ሚካም አሁን ሌዋዊ ካህን ስላገኘሁ እግዚአብሔር መልካም ያደርግልኛል ብሎ ተደሰተ። ብልጽግናን ጠባቂ ሰው ነበር። በኋላ የዳን ሰዎች የተሻለ ሲያቀርቡለት ልጁ ጣዖቱን ተሸክሞ ደስ ብሎት አብሯቸው ሄደ። ይህ ልጅ ማን እንደ ነበር ምዕራፍ 18፥30 ሲገልጥ፣ ብዙ ትርጉሞች ከሙሴ ዘር ያደርጉታል።

ቅዱሱን ነገር እንዲያገለግል የተለየው ልጅ በምግብና በማደሪያ የጣዖት ካህን ሆነ። ክፉ ልጅ ስለ ነበር ነው እንዳንል፣ መጽሐፉ የሚነግረን ማደሪያ እንደሌለው ነው። ሌዋውያን በየከተማቸው በሕዝቡ አሥራት እንዲኖሩ ታዝዞ ነበር፤ በዚያ ዘመን ግን ሁሉም በፊቱ መልካም የመሰለውን ስለሚያደርግ የሌዋዊውን ድርሻ ያስታወሰ አልነበረም። ሕዝበ እግዚአብሔር የነፈገውን አልጋ ሚካ ሰጠው።

ያን የእሑዱን ወጣት ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተን ለቅሶ ቤት አገኘነው። እኛ ፊቱን አላወቅነውም፤ እርሱ ግን አወቀን። ገንዘቡ በሁለተኛው ሳምንት አልቆ፣ ጥቂት ቀን ሲሚንቶ ሲያወርድ ሰንብቶ፣ ከዚያ አንድ ራሱን ነቢይ ብሎ የሚጠራ ሰው "አገልግሎት" ውስጥ ገባ። ሌሊት አዳራሹ ውስጥ ይተኛል፤ ቀን ወንበር ይደረድራል። በኋላ ሌላ ሥራ ተጨመረለት፦ ከጉባኤው በፊት ከሰዎች ጋር እየተጫወተ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንዳመማቸው፣ የልጃቸው ስም ማን እንደሆነ ጠይቆ ለአለቃው ማድረስ። የቀረውን እናንተ ትረዱታላችሁ። እኛም ደንግጠን "ለምን ወደ እኛ አልተመለስክም?" አልነው። በትሕትና፣ ያለ ቁጣ መለሰልን፦ "ፓስተር፣ እናንተ ጸለያችሁልኝ፤ እነሱ ፍራሽ ሰጡኝ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ መሳፍንት 17ን ያለ እርሱ ፊት ማንበብ አልቻልንም።

አትሂዱ አላልንም

ማንም ይህን አንብቦ "ባላችሁበት ተቀመጡ" አሉን እንዳይል። የአባቱ መሬት ለአምስት ወንድሞች ተከፋፍሎ ለእርሱ የጓሮ ያህል የደረሰው ልጅ ቢነሣ አንፈርድበትም። በዲግሪው ሥራ አጥቶ ከዓመት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚያነብ ወጣት ሌላ ከተማ ቢሞክር ስንፍና አይደለም። በኤርምያስ 29 ጌታ ለምርኮኞቹ በባዕድ ከተማ ቤት እንዲሠሩ፣ እንዲተክሉ፣ ለከተማይቱም ሰላም እንዲጸልዩ አዟቸዋል።

ይልቁንም ሕይወቱን ለማትረፍ የሚሸሽ ሰው ከዚህ ክርክር ውጪ ነው። ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሲሸሽ ቤት ተከራይቶ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ከግጭት የተፈናቀለ ቤተሰብ በራችን ላይ ሲቆም "ዕቅድህ ምንድን ነው?" አንለውም፤ ውኃና አልጋ ነው የምናቀርብለት። እኛ የምንቃወመው ጊዜ ያለውን፣ ሊዘጋጅ የሚችለውን ልጅ "ማዘጋጀት አለማመን ነው" የሚለውን ትምህርት ነው።

ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 4 ወደ እገሌ ከተማ ሄደን እንነግዳለን፣ እናተርፋለን የሚሉትን ሲገሥጽ ዕቅዳቸውን አልኮነነም፤ ነገን እንደሚያዝዙ መመካታቸውን ነው የኮነነው። "ጌታ ቢፈቅድ" ከዕቅድ ጋር የሚባል ቃል ነው፤ በዕቅድ ፋንታ የሚባል አይደለም።

ስለዚህ ለመነሣት የምታስብ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ከጾምና ከጸሎትህ ጋር እነዚህን ደግሞ አድርግ። ቤተ ክርስቲያንህ መሸኛ ደብዳቤ ትጻፍልህ፤ ጳውሎስ ፌቤንን ወደ ሮም ሲልክ ስሟን ጠርቶ በሚገባት ሁሉ እንዲረዷት ጽፎላታል (ሮሜ 16፥1-2)። የፋይዳ መታወቂያህን እዚያው ባለህበት አውጣ፤ ከቀበሌህ መልቀቂያ ያዝ፤ የትምህርት ማስረጃህን ዋናውንና ቅጂውን ለየብቻ አስቀምጥ። በከተማው ብዙ ቀጣሪ፣ ለጥበቃም ለቤት ሥራም ሳይቀር፣ ተያዥ አምጣ ስለሚል፣ ማን ዋስ እንደሚሆንህ ሳትነሣ ጠይቅ። ቢያንስ ለአንድ ወር የምታድርበትን ቤት በስልክ አረጋግጥ። ቤት ስትከራይም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉም በጽሑፍ እንዲሆን መደንገጉን እወቅ። እህቴ ሆይ፣ መናኸሪያ ላይ "ሥራ አለ፣ ነይ" የሚልሽን የማታውቂውን ደላላ አትከተዪ፤ የሚቀበልሽን ሰው ስምና ስልክ ይዘሽ ውጪ።

ከሁሉ በላይ የመመለሻ መሳፈሪያህን ለይተህ አስቀምጥ፤ አትንካው። "ወደ ኋላ ማየት የሎጥን ሚስት መሆን ነው" የሚልህን አትስማ። የሎጥ ሚስት የተመለከተችው ወደ ሰዶም እንጂ ወደ እናቷ ቤት አልነበረም። ኑኃሚን በሞዓብ ሁሉን ካጣች በኋላ ወደ ቤተ ልሔም ተመለሰች፤ ከዚያም መመለስ የዳዊት ቤት ወጣ። የጠፋው ልጅ የዳነው ሲመለስ ነው። ብዙ ልጆች በከተማው ጎዳና የሚቀሩት መሳፈሪያ አጥተው ብቻ አይደለም፤ ትንቢት ተነግሮላቸው ስለወጡ፣ መመለሱ እምነትን መካድ መስሏቸው ነው። ከዚህ የከፋ ቀንበር በወጣት ጫንቃ ላይ ሊጫን አይችልም።

"ውጣ" ያለ ይቀበል

አሁን ወደ እኛ ወደ አገልጋዮችና ወደ ቤተ ክርስቲያን እንምጣ። ዘዳግም 18፥20-22 እግዚአብሔር ያላዘዘውን በስሙ የሚናገረውን ነቢይ ነገር ቀልድ አያደርገውም። በመድረክ ላይ "ውጣ" የሚል ሰው የልጁን ስም ይመዝግብ፤ ስልኩን ይስጠው፤ ልጁ ከተማ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያድረው በእርሱ ቤት ይሁን። ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ አፉን ይያዝ። "ውጣ" የሚለውን ቃል ያወጣ አፍ "ግባ" የሚለውንም ማውጣት አለበት።

አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሚስዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ሲመለሱ ያገኙት ግን ሺዎችን ነው። ከዚያች ቤተ ክርስቲያን ወንጌላውያን ቋንቋውን ወደማያውቁት፣ ዘመድ ወደሌላቸው አገር ወጥተዋል። እነዚህ በእርግጥ ያለማወቅን መንገድ ሄደዋል። ነገር ግን ብቻቸውን ተገፍተው አልወጡም። ምእመናኑ ከድህነታቸው ስንቅ አዋጥተው፣ ጸልየው ሸኟቸው፤ በኋላቸውም የሚያስባቸው ሕዝብ ነበራቸው። መላክ ማለት ይህ ነው።

በደርግ ዘመንም ብዙ ቤተ ክርስቲያኖች ተዘግተው ነበር፤ የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ምእመናኑ በየቤቱ ተበታትነው አምልከዋል። ያን ጊዜ አዳራሽ አልነበረንም፤ ቤት ግን ነበረን። ከክፍለ ሀገር የመጣ ወንድም በየትኛው ሳሎን እንደሚያድር አይጨነቅም ነበር። ዛሬ ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ ከውጭ የገባ የድምፅ መሣሪያ አለን፤ አንድ እንግዳ የሚያስተኛ ፍራሽ ግን ጠፋ። ስደቱ ያልነጠቀንን ነጻነቱ ነጠቀን ማለት ነው?

እርግጥ ነው፣ ኑሮ ተወዷል። አብዛኛው ምእመን ራሱ በአንዲት ክፍል ከልጆቹ ጋር ተጣቦ ይኖራል፤ እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ከሰነበተ ግን ብረት ነው የሚባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ሸክሙን በአንድ ደግ ሰው ላይ አንጣል፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን እንሸከመው። በየአጥቢያው ሁለት ሽማግሌዎች ለአዲስ መጤዎች ይመደቡ። መሸኛ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንድ የስልክ ጥሪ ይደረግበት። ለ30 ቀን የሚያስጠጉ ቤቶች ዝርዝር ይኑር፤ ጊዜው የተወሰነ ሲሆን አስተናጋጁም እንግዳውም አይሳቀቁም። ሥራ ያላቸው ምእመናን ተያዥ ለመሆን ተራ ይግቡ፤ ሙያ ያላቸውም አንድ አንድ ልጅ ይዘው ያሠልጥኑ፤ አቂላና ጵርስቅላ ያደረጉት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ሐዋርያው ዮሐንስ በሦስተኛው መልእክቱ ጋይዮስን ያመሰገነው እንግዶች ወንድሞችን ስለ ተቀበለ ነው፤ ዲዮጥራጢስን የነቀፈውም እነዚያኑ ባለመቀበሉና ሊቀበሉ የሚወዱትን በመከልከሉ ነው። ሁለቱም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበሩ፤ የለየቸው የቤታቸው በር ነው። ያዕቆብም የታረዘውንና የዕለት ምግብ ያጣውን ሰው በመልካም ምኞት ብቻ የሚያሰናብተውን እምነት የሞተ ይለዋል (ያዕ. 2፥15-17)። ያን እሑድ እኛ በትክክል ያንን አደረግን፤ በላዩ ላይ እጅ ጭነንበት።

ገና ጌታን እየፈለጋችሁ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ "ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር፣ ሰው አላየኝም" የምትሉ ካላችሁ፣ አላየናችሁም፤ ይቅር በሉን። ኢየሱስ ግን እንደ እኛ አይደለም። እርሱ የናቅነውን እንግዳ ራሱ ነኝ ብሏል (ማቴ. 25፥35)። ከእኛ በር የተመለሳችሁ ብትሆኑም ከእርሱ አልተመለሳችሁም።

ያን ወጣት ከለቅሶው ቤት ይዘነው ወደ ቤታችን ሄድን፤ ዘግይተንም ቢሆን። ሁለት ወር ያህል አብሮን ቆየ። ተያዥ አግኝተንለት ሥራም ሊጀምር ነበር፤ እርሱ ግን እናቱን ማየት ናፍቆት ወደ አገሩ ተመለሰ። ሲሰናበተን አንገቱን ደፍቶ ነበር። ማፈር የነበረብን እኛ ነን። ዛሬ በበዓል ይደውልልናል። የእናቱን ጊደር ግን እስከ ዛሬ የመለሰላቸው የለም፤ ያን ትንቢት የተናገረው ሰውም አንድ ቀን ደውሎ "ደረስክ ወይ?" ብሎ አልጠየቀውም።

በሚቀጥለው እሑድ አምልኮው ሲያልቅ ወደ ቤታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የኋላውን ረድፍ ተመልከቱ። ከወንበሩ ሥር ሻንጣ ካያችሁ መጀመሪያ "ዛሬ የት ታድራለህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ በኋላ ጸልዩለት።

ጌታ ሆይ፣ አንተ ለእኛ ስፍራ ልታዘጋጅ ሄደሃል። ለወንድማችን አንዲት ክፍል እንኳ ሳናዘጋጅ በስምህ "ውጣ" ያልንበትን ቀን ይቅር በለን። የቤታችንን በር ክፈት። አሜን።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።